ሞተር በየትኛው ወር ይገዛ? ለሜይፌር ሰው የተጻፈ ማብራሪያ

ሚኒሶታ ወይም ፍራንክፈርት የሚኖር ዘመድ «ሞተር መግዛትህ ካልቀረ ዲሴምበርን ጠብቅ፤ ያኔ ይረክሳል» ብሎ ቢመክር ውሸት አልተናገረም። እሱ ባለበት አገር ዲሴምበር በረዶ የሚወርድበት፣ ሞተር ሸራ ለብሶ ጋራዥ የሚከርምበት፣ ሻጭ ደንበኛ የሚናፍቅበት ወር ነው። ያንኑ ምክር ይዞ ጆሃንስበርግ፣ ሜይፌር ላይ በዲሴምበር ገበያ የወጣ ሰው ግን ዋጋ በሚወደድበት፣ ሻጭ በሚኮራበት ሰሞን ይገዛል። ብዙ ልጆች በላባቸው ያጠራቀሙትን ገንዘብ በዚህ ሰሞን ስለሚያወጡት ነገሩን ረጋ ብሎ ማስረዳት ያስፈልጋል።

ከወቅቱ እንጀምር። ደቡብ አፍሪካ ከምድር ወገብ በታች ስለሆነች ሙቀቷ ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ፣ ብርዷ ከጁን እስከ ኦገስት ነው። ከአገር ቤት ለመጣ ሰው የሚያደናግር ሌላም ነገር አለ። እኛ ዘንድ ሐምሌና ነሐሴ ብርዱም ዝናቡም አንድ ላይ የሚመጡበት ነው፤ ከሆሳዕና ወይም ከዱራሜ የመጣ ሰው በሐምሌ ሞተር ጭቃ ውስጥ ተሰንቅሮ ሲገፋ አይቶ ያውቃል። ጆሃንስበርግ ላይ ብርድና ዝናብ አብረው አይመጡም። ዝናቡ የሚጀምረው በኦክቶበር ገደማ ነው፤ እስከ ማርች፣ አንዳንዴም እስከ ኤፕሪል መግቢያ ይቆያል። የሚወርደውም አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ፣ በነጎድጓድና በመብረቅ፣ አልፎ አልፎ በረዶ እየቀላቀለ ነው። ጁንና ጁላይ ግን ሰማዩ ጥርት ያለ፣ አስፋልቱ ደረቅ ነው። በጁላይ ሌሊቱ ወደ 4 ዲግሪ ይወርዳል፤ ቀን ወደ 17 ዲግሪ ይደርሳል። ሞተረኛውን የሚያስቸግረው ብርዱና ቶሎ የሚመሸው ቀን ነው። በጁን መጨረሻ ፀሐይ የምትጠልቀው ከአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል በፊት ነው።

ይህ አየር በሞተር ዋጋ ላይ ምን ያመጣል? መልሱ እንደ ሞተሩ ዓይነት ይለያያል፤ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው።

ለመዝናኛ የሚገዙ ትላልቅ ሞተሮች አሉ፤ 600 ሲሲ፣ 1000 ሲሲ፣ ከዚያም በላይ። ባለቤቶቻቸው እሑድ ጠዋት ወደ ሃርትቢስፖርት ግድብ የሚጋልቡ፣ ሥራቸውን ግን በመኪና የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። ብርድ ሲገባ ፍላጎታቸው ይቀዘቅዛል፤ ሞተሩ ቆሞ ኢንሹራንስና ቦሎ ሲያስከፍላቸው አንዳንዶቹ ለሽያጭ ያወጡታል። በዚህ ገበያ ጁንና ጁላይ ያለ ክርክር የገዢ ወራት ናቸው።

የሜይፌር ሰው የሚፈልገው ግን ብዙውን ጊዜ ሌላ ነው። ከ8ኛ አቬኑ ምግብ ተቀብሎ ብሪክስተን ወይም ፎርድስበርግ የሚያደርስ፣ ከመሐል ከተማው የጄፒ ገበያ ዕቃ አንስቶ፣ ሎኬሽን የሚሉት የከተማ ዳር ሰፈር ላለው ሱቅ የሚያቀብል፣ ቤንዚን ቆጥቦ ቀኑን ሙሉ የሚሮጥ የ125 ወይም የ150 ሲሲ የሥራ ሞተር ነው የሚፈልገው። ሆንዳ ኤስ 125፣ ባጃጅ ቦክሰር (ባለ ሁለት እግሩ ማለቴ ነው)፣ ቢግ ቦይ ቬሎሲቲ፣ ሂሮና መሰሎቻቸው በየመብራቱ የሚታዩት ለዚህ ነው። ኡበር ኢትስ ጆሃንስበርግ የገባው በ2016 ነው። ቼከርስ ሲክስቲ60 የተባለውን አገልግሎት በ2019 ጀመረ። በማርች 2020 ማብቂያ አገሪቱ በኮቪድ ስትዘጋ ደግሞ ቤት ለቤት ማድረስ ለብዙ ቤተሰብ የዕለት ጉዳይ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ትንሿ ሞተር የሥራ መሣሪያ ናት። የሥራ መሣሪያ ደግሞ ብርድ ስለገባ አይቆምም፤ እንዲያውም በብርድ ምሽት ሰው ከቤቱ መውጣት ስለሚጠላ ምግብ ማዘዙ አይቀንስም። ስለዚህ የትንሿ ሞተር ዋጋ በጁን እንደ ትልቋ ወለል አይነካም። «በብርድ ሁሉም ሞተር ግማሽ ዋጋ ይገባል» የሚል ደላላ ካለ አይመኑት።

ታዲያ ለሥራ ሞተር ወቅት የለውም ማለት ነው? አለው። የሚከተለው ግን ከአየሩ ይልቅ የሥራውን ገበያ ነው።

ኖቬምበርንና ዲሴምበርን እንይ። በኖቬምበር መጨረሻ ገደማ ብላክ ፍራይዴይ አለ፤ በኢንተርኔት የሚታዘዘው ዕቃ ይበዛል፤ የሚያደርስ ሰው ይፈለጋል። ከዚያ የገና ገበያ ይከተላል። ደመወዝተኛው አሥራ ሦስተኛ ወር የሚሉትን ቦነስ የሚቀበለው በዚሁ ሰሞን ነው። በአንድ በኩል ሥራ ፍለጋ ሞተር የሚፈልገው ይበዛል፤ በሌላ በኩል ገንዘብ ያለው ይበዛል። ሻጭ ይህን ያውቃል። 18,000 ራንድ ይበቃ የነበረውን ያገለገለ ሞተር 21,000 ሲለው «ቀንስልኝ» የሚለውን ቆሞ አይሰማም፤ ከኋላው ሌላ ሰው አለና።

በዚህ ላይ የዲሴምበር ገዢ የማያየው ወጪ አለ። ከዲሴምበር አጋማሽ እስከ ጃንዋሪ መግቢያ ብዙ ጋራዥና የመለዋወጫ መደብር ይዘጋል ወይም በግማሽ ሰው ይሠራል፤ የመንግሥት ቢሮዎችም በበዓላቱ ይሳሳሉ። በዲሴምበር 18 የገዙት ሞተር በዲሴምበር 20 ፍሪሲዮኑ ቢቃጠል ጠጋኙ ሊምፖፖ እናቱ ዘንድ ነው። ስም ለማዛወርም መስኮቱ ላይ የሚያገለግል ሰው ማግኘት ያስቸግራል። ለበዓሉ ሥራ ብሎ የተገዛ ሞተር በዓሉን ቆሞ ሊያሳልፍ ይችላል።

አንድ ነገር ግን ለዲሴምበር መመስከር አለብኝ። ከወሩ መጀመሪያ እስከ አሥረኛው ቀን ገደማ፣ ወደ ዚምባብዌ ወይም ወደ ማላዊ ለገና የሚሄዱ ሞተረኞች አንዳንዶቹ ለጉዞው ብለው ሞተራቸውን ይሸጣሉ። እንዲህ ያለ ሻጭ አውቶቡሱ የሚነሳበት ቀን የተቆረጠ ስለሆነ ይደራደራል። ግን ጊዜው ጠባብ ነው፤ ችኮላውም ለሁለቱም ነው። ወረቀቱ ከመዛወሩ በፊት ሻጩ ድንበር ከተሻገረ እሱን ፈልጎ ማስፈረም እንዴት ያለ ጣጣ እንደሆነ የደረሰበት ያውቀዋል።

ጃንዋሪ ሌላ ዓለም ነው። በዓሉ ኪስ አራግፏል። ትምህርት ቤት በወሩ አጋማሽ ይከፈታል፤ ክፍያ፣ ዩኒፎርም፣ ደብተር ይመጣል። ደመወዝ በዲሴምበር ቀደም ብሎ ስለተከፈለ እስከሚቀጥለው ያለው ጊዜ ይረዝማል። ያገለገለ ሞተር ቆሞበት ያለ ሰው ይሸጣል፤ የሚገዛው ደግሞ ጥቂት ነው። ከጃንዋሪ 10 እስከ ደመወዝ መክፈያው ሰሞን፣ ማለትም እስከ 25ኛው ቀን ገደማ፣ ጥሬ ገንዘብ የያዘ ገዢ ቃሉ ይሰማል። ለመደራደር ብቻ ከሆነ ከዓመቱ ሁሉ የምመርጠው ይህን ጊዜ ነው።

አዲስ ሞተር ለሚገዛ ሰውም ጃንዋሪና ፌብሩዋሪ ጥሩ ናቸው፤ ምክንያቱ ግን የተለየ ነው። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ያገለገለ ተሽከርካሪ ሲሸጥ ዋጋው የሚሰላው መጀመሪያ በተመዘገበበት ዓመት ነው። በዲሴምበር መጨረሻ የተመዘገበ ሞተር ከሳምንት በኋላ «ያለፈው ዓመት» ይባላል፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ሲሸጥ አንድ ዓመት በነጻ አርጅቶ ይጠብቃል። በጃንዋሪ የተመዘገበው ግን የአዲሱ ዓመት ሞተር ነው። መደብሩም ቢሆን ለማሳያና ለሙከራ በራሱ ስም አስመዝግቦ የነዳውን፣ ዴሞ የሚሉትን ሞተር በአዲሱ ዓመት ይዞ መቆየት አይፈልግም፤ ከጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ያልሄደ ሞተር በተቀነሰ ዋጋ የሚገኘው ያኔ ነው። የግለሰቦች የግብር ዓመት የሚዘጋው በፌብሩዋሪ የመጨረሻ ቀን ነው፤ ብዙ ድርጅቶችም ሒሳባቸውን ያኔ ይዘጋሉ። ሒሳብ ሊዘጋ ሁለት ቀን የቀረው መደብር መጋዘን ውስጥ ከቆመ ሞተር ይልቅ ባንክ የገባ ገንዘብ ይመርጣል።

እዚህ ላይ የወሩን ቀን ነገር ልጨምር። ከመደብር ሲገዙ የወሩ የመጨረሻ ሁለት ሦስት ቀናት ይሻላሉ፤ ሻጩ ሠራተኛ በወር ይህን ያህል ትሸጣለህ የሚል ኮታ ስላለበት ነው። ከግለሰብ ሲገዙ የወሩ አጋማሽ ይሻላል፤ የገዢው ኪስ ባዶ የሚሆንበት ሰሞን ነውና። መደብሩ ዋጋ አልቀንስም ካለ ሌላ ነገር ይጠይቁ፦ የምዝገባውን ወጪ፣ የመጀመሪያውን ሰርቪስ፣ ሄልሜትና ከኋላ የሚታሰረውን ሳጥን። ዋጋው ላይ 15 በመቶ ቫት መጨመሩንም ሳይጠይቁ አይፈርሙ።

የመደብር ግዢ ሌላ ጥቅምም አለው። ከ2011 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የሸማቾች ጥበቃ ሕግ፣ ያገለገለ ዕቃ ቢሆንም፣ ነጋዴ የሸጠው ነገር በስድስት ወር ውስጥ ጉድለቱ ከታወቀ ገዢው እንዲጠገንለት፣ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ከግለሰብ ሲገዙ ይህ የለም። አገሬው ፉትስቱትስ ይለዋል፤ እንዳለ ገዝተሃል፣ ነገ ቢበላሽ የራስህ ጉዳይ ነው ማለት ነው። መደብር ከግለሰብ ሁለት ሺህ ራንድ ቢያስወድድ ከዚህ መብት ጋር አብሮ መመዘን አለበት።

እንግዲህ ጃንዋሪ ለዋጋ ይህን ያህል ጥሩ ከሆነ ለጀማሪው ለምን ብርዱን እመክራለሁ? ለሰውየው ብዬ ነው። ሜይፌር ሞተር ከሚገዙት ልጆች ብዙዎቹ ከመግዛታቸው በፊት ሞተር ነድተው አያውቁም። አዲስ አበባ ያደገውማ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ልዩ ፈቃድ ሞተር መንዳት በከተማዋ ስለተከለከለ አጋጣሚውንም አላገኘም። እንዲህ ያለ ጀማሪ በጃንዋሪ ከገዛ መለማመጃው የዝናብ ወቅት ይሆናል። ከሰዓት በኋላ በድንገት የሚወርድ ዶፍ፣ ውኃ የሸፈነው ጉድጓድ፣ ለጥቂት ደቂቃ ዘይትና አቧራ የሚንሳፈፍበት የመጀመሪያው ዝናብ፣ ሳይታይ የሚመጣ ታክሲ። በሜይን ሪፍ ሮድ ላይ በዚያ ሰዓት ፍሬን መያዝ ልምድ ይጠይቃል። በጁን የገዛ ሰው ግን እስከ ኦክቶበር አራት ወር ደረቅ መንገድ ከፊቱ አለ። ማርሽ መለወጥን፣ የፊትና የኋላ ፍሬን አመጣጥኖ መያዝን፣ ስፖኪዮ የማየትን ልማድ በደረቅ አስፋልት ተምሮ ለዝናቡ ይደርሳል። ብርዱን ወፍራም ጃኬትና ጓንት ይመክቱታል። የዝናብ መንገድን ግን በልብስ መመከት አይቻልም።

ብርዱ ለገዢ የሚሰጠው ሌላም ጥቅም አለ። ያገለገለ ሞተር እውነቱን የሚናገረው በብርድ ጠዋት ነው። ሻጩን «ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እመጣለሁ፤ ሞተሩን ሳታስነሳ ጠብቀኝ» ይበሉት። ሲደርሱ ቁልፍ ከመጠየቅዎ በፊት መዳፍዎን ሞተሩ ብረት ላይ ያሳርፉ። በጁላይ ጠዋት የቆመ ብረት እጅ ይቆነጥጣል። ለብ ካለ ሰውየው አስቀድሞ አሙቆታል፤ የደበቀው ነገር አለ ማለት ነው። ከቀዘቀዘ ቾክ ተስቦ በአንድ ሁለት ሙከራ መነሳት አለበት። ከተነሳ በኋላ ከማርሚታው የሚወጣውን ጭስ ይዩ፤ በብርድ ነጭ ተን መውጣቱ የተለመደ ነው፣ ሲሞቅም ይጠፋል። ሰማያዊ ሆኖ ከቀጠለ ግን ዘይት እየበላ ነው፤ ያ ሞተር ሊፈታ የተቃረበ ነው። ጆሃንስበርግ ከባሕር ጠለል ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች አየሩ ስስ ነው። ካርቡራተር ያለው ሞተር ከደርባን መጥቶ ሳይስተካከል ከተሸጠ ቤንዚን ይበዛበታል፣ ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ዳገት ላይ ይደክማል። ይህ ግን በትንሽ ገንዘብ የሚስተካከል ነገር ስለሆነ ሻጩ ካላወቀው ለእርስዎ የመደራደሪያ ነጥብ ነው።

ከዚያ ካቴናውን ከታች በጣት ወደ ላይ ይግፉት፤ በጣም ከላላ አልቋል። ካቴናው የሚሽከረከርበትን ጥርሳም ክብ ይዩ፤ ጥርሶቹ እንደ ማጭድ ጫፍ ከታጠፉ ካቴናውና ክቦቹ አንድ ላይ መቀየር አለባቸው። የፊት ሾኩን አፍ በጣትዎ ይዳስሱ፤ ዘይት ካረጠበው ፓራኦሊው አልቋል። ሞተሩን በመካከለኛው መቆሚያ አቁመው የፊት ጎማው ከመሬት ሲነሳ መሪውን ቀስ ብለው ከዳር እስከ ዳር ያዙሩ፤ መሐል ላይ የሚይዝ ከሆነ ኩሽኔታው ተበልቷል፣ ወይም ሞተሩ ወድቆ ያውቃል። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን መሪው ሥር አንገቱ ላይ የተቀረጸውን የሻሲ ቁጥርና ሞተሩ ላይ ያለውን ቁጥር ከሊብሬው ጋር ፊደል በፊደል ያመሳክሩ። ፋቅ ፋቅ ያለ ቁጥር ካዩ አይደራደሩ፤ አመስግነው ይመለሱ።

ሊብሬውን ካነሳን ስለ ወረቀት ማውራት ግድ ነው። ለአንድ ስደተኛ ሞተር የሚገዛበትን ወር ከዋጋው በላይ የሚወስነው ወረቀቱ ነውና።

የደቡብ አፍሪካ መታወቂያ ቁጥር የሌለው ሰው ተሽከርካሪ በስሙ ለማስመዝገብም ሆነ መንጃ ፈቃድ ለማውጣት መጀመሪያ የትራፊክ መመዝገቢያ ቁጥር ማውጣት አለበት። ማመልከቻው ኤኤንአር የሚባል ፎርም ነው፤ ፔፐር (የስደተኝነት ፈቃድ ወረቀት)፣ ፎቶና የመኖሪያ ማረጋገጫ ይጠየቃል። ሜይፌር ውስጥ ክፍል ተከራይቶ የሚኖር ሰው የውኃና የመብራት ቢል በስሙ ስለማይመጣ አከራዩን ይዞ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ቃለ መሐላ ማስፈረም ሊኖርበት ይችላል። ለሜይፌር ቅርቡ ቢሮ ላንግላግተ ነው። ቁጥሩ በአንድ ቀን የሚያልቅ ጉዳይ እንደሆነ አድርጎ ማሰብ አይገባም፤ ፔፐሩ የሚያልቅበት ቀን ከተቃረበ ደግሞ መጀመሪያ እሱን ማሳደስ ይቀድማል።

ከዚያ መንጃ ፈቃዱ ይመጣል። እስከ 125 ሲሲ ያለውን ለመንዳት ኤ1 የተባለው ፈቃድ ይበቃል፤ ከ16 ዓመት ጀምሮ ይሰጣል። ከ125 ሲሲ በላይ ከሆነ ኤ ያስፈልጋል፤ ዕድሜው 18 ነው። የ150 ሲሲዋ ቦክሰር ወይም ቬሎሲቲ ኤ ትጠይቃለች፤ የምትበልጠው በ25 ሲሲ ብቻ ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም። አስቀድሞ የሚወሰደው የጽሑፍ ፈተና የተማሪ ፈቃድ ያስገኛል፤ ለ24 ወራት ያገለግላል፤ በዚያ ፈቃድ ግን ሰው ማፈናጠጥ ክልክል ነው።

ሞተሩ ያገለገለ ከሆነ ስሙ ሲዛወር የብቃት ማረጋገጫ ምርመራ ማለፍ አለበት። ምስክር ወረቀቱ የሚያገለግለው ለ60 ቀናት ነው፤ ቁጥርዎ ሳይወጣ ሞተር ገዝተው አስመርምረው ከተቀመጡ ቀኑ አልፎ እንደገና ይከፍላሉ። ሻጩ ኤንሲኦ የተባለውን የባለቤትነት ለውጥ ማሳወቂያ ይሞላል፤ ገዢው አርኤልቪ በተባለው ፎርም በ21 ቀናት ውስጥ በስሙ ያስመዘግባል። ሊብሬው ላይ ሁለት ስም ሊኖር እንደሚችልም ይወቁ፤ አንዱ ባለቤት ነው፣ ሌላው ታይትልሆልደር የሚሉት የሕግ ባለመብት። ባለመብቱ ባንክ ከሆነ ሞተሩ ዕዳ አለበት፤ ሰውየው የራሱ ያልሆነውን ነው የሚሸጥልዎት። ቦሎው በየዓመቱ ይታደሳል፤ ጊዜው ካለፈ በኋላ ያለው መታገሻ 21 ቀን ነው። ዓመት ሙሉ ቦሎ ያላደሰ ሞተር በርካሽ ሲቀርብ ውዝፉ ከነቅጣቱ መስኮቱ ላይ ይጠብቃል፤ ከመክፈልዎ በፊት ሻጩ ራሱ ያጽዳው።

ወረቀቱ ሲያስቸግር በሌላ ሰው ስም ማስመዝገብ የተለመደ ሆኗል። ይህን በጽኑ እቃወማለሁ። በሕግ ዓይን ሞተሩ የዚያ ሰው ነው። ከተጣሉ፣ ወደ አገሩ ከገባ፣ ወይም ሞት ከቀደመው፣ በላብ የተገዛው ሞተር የእርስዎ ስለመሆኑ የሚመሰክር ወረቀት የለም። ዘመድና ጓደኛ በዚህ ምክንያት ተለያይተዋል። ስሙን ያዋሰውም ሰው በማያውቀው ቅጣትና አደጋ ይጠየቃል።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ለእኛ ሰው ባንክ እምብዛም አያበድርም፤ ሞተር የሚገዛው በእቁብ ነው። ወቅትን መጠበቅ ቀላል ምክር የማይሆነውም ለዚህ ነው፤ ዕጣ ወቅት አይመርጥም። አሥራ ሁለት ሰዎች በወር 2,000 ራንድ የሚጥሉበት እቁብ አለ እንበል። በየወሩ 24,000 ራንድ ለአንዱ ይደርሳል። ሞተር የሚፈልገው ልጅ ዕጣው በኖቬምበር ወጣለት። ገንዘቡ እጁ ከገባ አይቀመጥም፤ አንዱ ይበደረዋል፣ አገር ቤት ችግር ይሰማል። ስለዚህ ቸኩሎ በውዱ ሰሞን ይገዛል።

መፍትሔው እዚያው እቁብ ውስጥ አለ። ከአባላቱ መካከል ጄፒ ሱቅ ያለው ነጋዴ አይጠፋም። ለዚህ ነጋዴ ኖቬምበር ማለት የዓመቱ ገበያ ማለት ነው፤ ለገና የሚሸጠውን ልብስና ጫማ የሚያስገባው ያኔ ነው፣ ገንዘብ የሚያጥረውም ያኔ ነው። በጁን ግን ገበያው ቀዝቅዞ ዕጣ ቢደርሰውም ብዙ አይጠቅመውም። ልጁ የኖቬምበርን ዕጣ ለነጋዴው ለቆ የእሱን የጁን ወይም የሜይ ተራ ቢወስድ ሁለቱም ያተርፋሉ። በዕጣ ብቻ በሚሄድ እቁብ፣ ዕጣ ገና ያልደረሰው ነጋዴ ከሆነ፣ ሰብሳቢው ባለበት «የጁኑ ዕጣ የእገሌ ይሁን» ተብሎ መዝገብ ላይ መስፈር አለበት። ዕጣ መለዋወጥ በእቁብ ደንብ የኖረ ነገር ነው፤ አዲስ ነገር አላመጣሁም። የእቁብ ሰብሳቢዎች ለሞተር ፈላጊ ወጣቶች ይህን በር ክፍት ቢያደርጉ ከብዙ ምክር የበለጠ ይረዷቸዋል።

ከእቁቡ 24,000 ውስጥ ሁሉንም ለሞተር ማዋል ግን ስህተት ነው። ሄልሜት በሕግ ግዴታ ነው፤ ለነጂውም ለተፈናጣጩም። ጓንት፣ ጠንካራ ጫማ፣ ወፍራም ጃኬት፣ በሌሊት የሚያበራ ሰደርያ፣ ለሌባ የሚበቃ ሰንሰለትና ቁልፍ፣ የስም ማዛወሪያ፣ የመጀመሪያው የዘይት ቅየራ ሁሉም ከዚያው ገንዘብ ይወጣል። ከጠቅላላው ሩብ ያህሉን ለዚህ ለይቶ ማስቀመጥ እንደሚገባ አምናለሁ። 24,000 ያለው ሰው የ18,000 ሞተር ይፈልግ።

የራንድ ጉዳይም በአጭሩ። እነዚህ ሞተሮች ከሕንድ፣ ከቻይናና ከሌሎች የእስያ አገሮች በመርከብ የሚመጡ ናቸው፤ ራንድ በዶላር ሲዳከም የሚቀጥለው ጭነት ይወደዳል። ይህን ማንም ሰው አስቀድሞ አይተነብየውም። ራንድ ዛሬ ወደቀ ብሎ መሮጥ አያስፈልግም፤ መደብሩ ውስጥ ያለው ሞተር የተገዛው በቀድሞው ምንዛሪ ነው፣ የዋጋ ለውጡ እስኪደርስ ጥቂት ጊዜ ይወስዳል።

ሞተር መንዳት ለሚያውቅ፣ ወረቀቱ ላለቀለት ሰው ከጃንዋሪ አጋማሽ እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ያለው ጊዜ የተሻለ ነው። ጀማሪው ግን ከሜይ አጋማሽ እስከ ጁላይ መጨረሻ ይግዛ፤ አንድ ሺህ ራንድ ተጨማሪ ቢያስወጣው እንኳ። ኖቬምበርንና ዲሴምበርን ሁለቱም ይተዉት። በጁን ለመግዛት ያሰበ ሰው ፔፐሩን አሳድሶ ላንግላግተ ሄዶ ለትራፊክ ቁጥሩ መሰለፍ ያለበት በማርች ነው፤ ለጽሑፍ ፈተናውም ማጥናት የሚጀምረው በዚያው ወር ነው።